ወይኑ በ34 ዲግሪ፣ ሾፌሩ በ97፦ ለአንድ የአየር ጥራት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የአየር ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣
ካሊፎርኒያ

ጉዳዩ፦ ኤፒዩው (ዋናው ሞተር ሲጠፋ የትራኩን መኝታ የሚያቀዘቅዘው ትንሹ ረዳት ሞተር) ተበላሽቶበት፣ ቆሞ ሳለ ዋናውን ሞተር ደንቡ ከሚፈቅደው አምስት ደቂቃ በላይ ስላሠራ ለአንድ ሾፌር የተጻፈውን የ300 ዶላር ቅጣት ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ካሊፎርኒያ ውስጥ 35 የአካባቢ አየር ጥራት ወረዳዎች አሉ። የእርስዎን ስም ከመካከላቸው ለይቼ አልጠራሁም፤ የቅጣቱ ወረቀት ቅጂ እጅዎ ላይ ስላለ ማን እንደሆኑ እርስዎ ያውቁታል። በአማርኛ የምጽፍልዎ ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፍኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ያስገኙልኝ ነገር ቢኖር «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን መልስ ብቻ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ ምናልባት የቋንቋው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ይኼኛውን እርስዎ ባያነቡት እንኳ ከዴንቨር እስከ ዳላስ፣ ከሲያትል እስከ ሚኒያፖሊስ መሪ የጨበጡ ወገኖቼ ያነቡታል።

ባለፈው ሐምሌ ዴላኖ ከሚገኝ የማቀዝቀዣ መጋዘን ወይን ለመጫን በቀጠሮዬ ሰዓት ደረስሁ። መጫኑ አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሥራ ቀኔ 14 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቤከርስፊልድ ወጣ ብሎ ካለ ትራክ ስቶፕ ቦታ አግኝቼ ቆምሁ። ከዚያ በኋላ መሪ እንዳልይዝና 10 ሰዓት ሳላቋርጥ እንዳርፍ የፌዴራሉ ሕግ ያዘኛል። ወደ መኝታው ገብቼ ኤፒዩውን አስነሳሁት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራና ቀይ የስሕተት ቁጥር አሳይቶ ጠፋ። ደግሜ ሳስነሳው ሦስት ደቂቃ ቆየ። በሦስተኛው ጭራሽ እንቢ አለ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የመኝታው ቴርሞሜትር 97 ዲግሪ ፋራናይት ያሳይ ነበር። ከራስጌዬ ጀርባ፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የተጎታቹ ማቀዝቀዣ የራሱን የናፍጣ ሞተር እያጓራ ወይኑን በ34 ዲግሪ አስተኝቶታል። ያ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ የአምስት ደቂቃው ደንብ አይነካውም፤ የሚተዳደርበት ሌላ ደንብ አለው። ወይን እንዲበሰብስ ማንም አይፈልግም፤ እኔም አልፈልግም። ሕጉ ለወይኑ ያሰበውን ያህል ወይኑን በማግስቱ ተራራ ለተራራ ይዞ ለሚጓዘው ሰው እንቅልፍ ቢያስብ ኖሮ ግን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አንድ ሰዓት ታግሼ ዋናውን ሞተር አስነሳሁ። ተቆጣጣሪዎ በሩን ሲያንኳኩ እንቅልፍ ገና ሸለብ ሊያደርገኝ ነበር። ትሑት ሰው ናቸው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። የኤፒዩውን መቆጣጠሪያ ላሳያቸው ስል ደረጃው ላይ ወጡልኝ፤ በእጅ ባትሪያቸው አብርተው ቀዩን ቁጥር አዩት፤ «ይገባኛል» አሉኝ፤ ከዚያም ቅጣቱን ጻፉልኝ።

በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር አንስቼላቸው ነበር። ትራኩ ቆሞ የእኔ ሞተር ሲሠራ የሚያወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለ በካይ ጋዝ በሰዓት ከ30 ግራም እንደማይበልጥ ከፋብሪካው የተመሰከረለት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይሠራ ዘንድ ደንባችሁ ራሱ የሚፈቅድለት ዓይነት ነው። ይህን የሚያስረዳው ተለጣፊ ኮፈኑ ላይ ነበር፤ ነብራስካ ላይ አጋዘን ገጭቼ ኮፈኑ ሲቀየር አብሮ ተጣለ። ምትኩን ማዘዝ ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው፤ ቁጥሩም ያው ነው፤ የጎደለው ወረቀት ነው፤ የተቀጣው ጭሱ ነው።

አሁን ስለ ኤፒዩው ልንገርዎ። በ2021 አስገጥሜው 11,400 ዶላር የከፈልሁበት ሲሆን ከዚህ ውስጥ 2,900ው የጭስ ማጣሪያው ዋጋ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ብቻ ብሠራ ይህን ማጣሪያ አልገዛውም ነበር፤ ያስገዛኝ የ2007 እና ከዚያ ወዲህ ሞዴል ሞተር ባለው ትራክ ላይ የሚገጠም የናፍጣ ኤፒዩ ጥላሸቱን ቢያንስ 85 በመቶ የሚቀንስ ማጣሪያ ይኑረው፣ አለዚያም ጭሱ በዋናው ሞተር ማጣሪያ በኩል ይውጣ የሚለው የእናንተ ግዛት ደንብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቺንጊያው ሄደ፣ በሁለተኛው ዲናሞው፣ ዋስትናው ባበቃ በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ ኮምፕረሰሩ። እነዚህን እንደ ማንኛውም ማሽን ብልሽት እቆጥራቸዋለሁ። ያንገላታኝ ማጣሪያው ነው፤ ባለሁለት ሲሊንደር ትንሽ ሞተር በቀላል ጭነት ሲሠራ የሚያወጣው ጭስ ጥላሸቱን ለማቃጠል የሚበቃ ግለት ላይ አይደርስም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ መቆጣጠሪያው ያጠፋዋል። ባትሪዎቹን የሚሞላውም እሱ ስለሆነ፣ በጠፋበት ሌሊት ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ሳጥን ሲሠሩ አድረው ጠዋት ዋናው ሞተር ራሱ አልነሳም የሚልበት ጊዜ አለ።

ሦስት ዓመት የሰበሰብሁት የጥገና ደረሰኝ ተደምሮ 7,860 ዶላር ሆኗል። የቅጣቱ ማግስት ባርስቶው ላይ ኮምፒውተር ሰክተው ማጣሪያው መደፈኑን ሲነግሩኝ በሰዓት 185 ዶላር ሒሳብ የሁለት ሰዓት አስከፍለውኛል፤ ቀንና ሰዓት ያለበትን ያንን ወረቀት ከደብዳቤዎቼ ጋር ሦስት ጊዜ ልኬልዎታለሁ። አዲሱን ማጣሪያ ለማግኘት 19 ቀን ጠበቅሁ። በጥገና ወረፋ መቶ ትራክ ያለው ድርጅት ይቀድማል፤ ባለ አንድ ትራኩ ጥግ ይዞ ይቆማል። እነዚያን 19 ቀናት ሥራ ፈትቼ ብቀመጥ የትራኩን ወርኃዊ ክፍያ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት ይከፍልልኛል?

መሣሪያው ሲሠራ ጥሩ መሆኑን አልክድም። ትራኩ ቆሞ ዋናው ሞተር ሲሠራ በሰዓት ሦስት ሊትር ያህል ናፍጣ ይበላል፣ ኤፒዩው የዚያን ሩብ ገደማ። ዴላኖና ቤከርስፊልድ ያሉበት የሳን ዋኪን ሸለቆ አየር በአሜሪካ ከተበከሉት አንዱ እንደሆነም አውቃለሁ፤ እዚያ ያሉ ሕፃናት የእኔን ጭስ እንዲተነፍሱ አልሻም። ለዚህ ነው የገዛሁት። እንድንገዛው ሲያባብሉንማ ሁሉም አስበውበታል፦ የፌዴራሉ መንግሥት በ2008 የ12 በመቶውን ኤክሳይዝ ታክስ አነሳለት፤ ትራኩ መሣሪያውን በመሸከሙ ግዛቶች ሊፈቅዱለት የሚችሉትን ተጨማሪ ክብደት በ2012 ከ400 ወደ 550 ፓውንድ ከፍ አደረገ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2008 መባቻ ጀምሮ በመኝታው ውስጥ የሚያርፍ ሾፌር ዋናውን ሞተር ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዲያሠራ የነበረውን ፈቃድ አነሳች። ሲገዛ ይህን ያህል ዘመድ የነበረው መሣሪያ ሲበላሽ ዘመድ የለውም።

ከአርባ ደቂቃ ጥበቃ በኋላ ስልክ ያነሱልኝ ሠራተኛዎ «የኤፒዩ ብልሽት በደንቡ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውስጥ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዝርዝሩን አንብቤዋለሁ። መንገድ ተዘግቶበት ለቆመ አለ፣ ሞተሩ እየተፈተሸ ላለ አለ። ሕግ አክብሮ የገዛው መሣሪያ በሌሊት ለከዳው፣ ሌላ ሕግ ደግሞ ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ላሰረው ሰው የለም። በዚያው ግዛት የመኪና መብራት የተቃጠለበት ሰው ሲያዝ ጠግኖ ማስረጃ ያቀርባል፤ 25 ዶላር ይከፍላል፤ ጉዳዩ ይዘጋል። የምጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የጥገና ወረቀት ይዞ የቀረበ ሾፌር እንደ አምፖሉ ይታይለት።

አዲሱ ማጣሪያ ከገባ ሰባት ሳምንቱ ነው። ትናንት ማታ ቀዩ ቁጥር እንደገና በራ። ሐሙስ ዴላኖ ወይን እጭናለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የአንድ ትራክ ባለቤትና ሾፌር
አውሮራ፣ ኮሎራዶ