ስለ ካርል ሃይንዝ በም የሚነገረው ታሪክ ጎደሎ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ዝነኞች ስለሚሠሩት በጎ አድራጎት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። የፊልም ሰዎች ወደ ተራበ አገር ብቅ ብለው፣ ሕፃን ታቅፈው ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ የሚለው የጸሐፊው ትዝብት መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ካርል ሃይንዝ በም በቴሌቪዥን ውርርድ ገንዘብ የሰበሰቡ ተዋናይ ተብለው በአንዲት ዐረፍተ ነገር መታለፋቸው ቅር ስላሰኘኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ውርርዱስ እውነት ነው። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው በሳህል አካባቢ ለተራቡ ሰዎች ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ፤ ረቱም። ያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበና ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘቡ የሚውልበትን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ደግሞ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ብዙውን ጊዜ ትረካው እዚህ ላይ ያበቃል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሰውየው የታላቁ ኦርኬስትራ መሪ የካርል በም ልጅ ሲሆኑ፣ በሦስቱ የ«ሲሲ» ፊልሞች ከሮሚ ሽናይደር ጋር ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው በመሥራታቸው በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም የማያውቃቸው አልነበረም። (ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተወኑት ሰው፣ ንጉሠ ነገሥቷን ካወረደች ሰባት ዓመት ወደ ሞላት አገር መምጣታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ትወናውን ቀስ በቀስ ተዉትና የተራቡትን መርዳትን ሥራቸው አደረጉት። መጀመሪያ ያገኟቸው በኦጋዴን ጦርነት ተፈናቅለው በባቢሌ መጠለያ የነበሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። እህል አከፋፍሎ መመለስ ይቻል ነበር፤ የተደረገው ግን በኤረር ሸለቆ መንደር መሥርቶ ሰዎቹ አርሰው እንዲያድሩ መርዳት ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ድርጅቱ ደርግ ሰፋሪዎችን ባወረደበት በኢሉባቦር መሥራቱ ወቀሳ አስከትሎባቸው ነበር። ወቀሳው መነሣቱ ተገቢ ነው፤ ሰፈራው ብዙ ሰው ያለ ፈቃዱ የተጋዘበት እንደ ነበር እናውቃለንና። ሆኖም በወባ ለሚንቀጠቀጥ ሰፋሪ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ መንፈግ መንግሥቱን መቃወም ሊሆን አይችልም ነበር። የመቱው ሆስፒታል እስከ ዛሬ በካርል ስም ይጠራል፤ ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉበትም ቤት እዚያው ከተማ ተሠርቷል። በሐረር የተከፈተው የቴክኒክና የግብርና ኮሌጅም ከዚሁ ድርጅት የመጣ ነው።

እኔ ግን በተለይ የምመሰክረው ስለ መርሃቤቴ ነው፤ የትውልድ አገሬ ስለሆነ። በጀማና በወንጭት ገደሎች መካከል ላለ ሰው፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል መውረድና ዳግም ዳገት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያላየው አይረዳውም። በመርሃቤቴዋ ዓለም ከተማ «እናት» የተባለው ሆስፒታል መሠራቱ ለእኛ የሕንፃ ጉዳይ አልነበረም። ከእርሱ ጋር ምንጭ ጎለበተ፣ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ፈላ፣ ትምህርት ቤቶች ተገነቡ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻና የሴት ልጅ ግርዛት በአደባባይ መነጋገሪያ ሆኑ። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን አሠራሩን ነው። ድርጅቱ በአንድ አካባቢ ዓመታት ቆይቶ፣ ሥራውን ለሕዝቡና ለመንግሥት አስረክቦ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። አብዛኛው ባለሙያ የአገር ልጅ ነው፤ ከጊዜ በኋላ አመራሩን የተረከቡት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝም ኢትዮጵያዊት የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ጠባቂ ያጣ ፓምፕ እንደ ቆመ መቅረቱን አይቻለሁ፤ ለዚህ ግን ይበልጥ የምንጠየቀው ተረካቢዎቹ ነን።

ኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሰጥታቸዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፉን የባልዛን ሽልማት አግኝተዋል፤ ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በ86 ዓመታቸው ሳልዝበርግ አጠገብ አርፈዋል። በአዲስ አበባም ሳር ቤት አካባቢ በስማቸው የሚጠራ አደባባይ አለ። «ካርል ወራጅ» እያለ ከታክሲ የሚወርደውን ወጣት ካርል ማን እንደሆነ ብትጠይቁት፣ ምናልባት የመኪና ወይም የሕንፃ ስም ነው ይላችኋል።

እናም ልመናዬ ይህ ነው። ዘጋቢ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ ባቢሌና ወደ መቱ ላኩ። ለክሊኒኩ ድንጋይ የተሸከሙት፣ ለእርከኑ አፈር የዛቁት፣ ከካርል ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተከራከሩት ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚያስታውሱትን፣ ቅሬታቸውንም ጭምር፣ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመርሃቤቴ ተወላጅ የሆንኩ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ