ዱላው ማቆሚያ ይኑረው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

የስፖርት ገጻችሁ እግር ኳስና ሩጫ ብቻ ሆነብን። እኔ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ፣ ጠዋት ጠዋት ለሰፈር ልጆች ጎልፍ አሳያለሁ። ጉልበት ሞልቷቸዋል። ግን ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሱ ማቆሚያ የላቸውም። ከራሳቸው በላይ አልፎ ጫፉ ወደ መሬት ይዘቀዘቃል።

ቀረብ ብሎ ላያቸው የግራ ክርናቸው ታጥፏል። የግራ እጃቸው የመጨረሻ ሦስት ጣቶች ከመያዣው ላላ ብለዋል። ትከሻቸው ግን ገና በደንብ አልዞረም! የረዘመው እጃቸው ብቻ ነው። ከዚያ ተመልሶ ኳሱን በወጉ ማግኘት ይከብዳል።

እኔ የምላቸው ይህን ነው፦ ሦስቱን ጣቶች ጠበቅ አድርጉ፤ ጀርባችሁን ወደ ዒላማው አዙሩ፤ የግራ ክንዳችሁ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን አቁሙና ምቱ። ግማሽ ያነሱ ይመስላቸዋል። በስልክ ቀርጬ ሳሳያቸው ዱላው ካሰቡት በላይ ሄዷል።

አሜሪካዊውን የጎልፍ ተጫዋች ጆን ዳሊን የሚጠቅሱልኝ አሉ። እውነት ነው፣ በዚያ ረጅም አነሳሱ የ1991ን ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ትልቁን የጎልፍ ውድድር፣ አሸንፏል። የእሱ ዓይነት ቅንጅት ግን ለጥቂቶች የተሰጠ ነው። ስፔናዊው ጎልፍ ተጫዋች ጆን ራም ደግሞ አነሳሱ አጭር ነው፤ ከታላላቆቹ ውድድሮች በ2021 የአሜሪካን ኦፕን፣ በ2023 ማስተርስን ወስዷል። ደግሞ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ እዚህ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ምን አስቸኮላቸው?

እባካችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለጎልፍ ትንሽ ዓምድ ስጡት። ልጆቹ ጋዜጣችሁን ያነባሉ።

አክባሪያችሁ፣ ከጎንደር