አባዬ፣ ቧንቧውን ሳልመጣ እንዳታስቀጥለው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

በስልክ የነገርከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ጠዋት ጓሮ ሠርተህ እጅህን ስትታጠብ ቅዝቃዜው ጣቶችህን አልታጠፍ እስኪሉ ያደነዝዛቸዋል አልከኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለትህ አሳዘነኝ። ሙቅ ውሃ ውጭ ድረስ ይውጣ ማለትህ ልክ ነው። በደስታ እንሠራዋለን።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ከቦይለሩ በቀጥታ እንዳታስቀጥለው። ቦይለሩ 60 ዲግሪ ላይ ነው። ዝቅ አድርገው አልልህም፤ ለብ ያለ ውሃ ሲጠራቀም ሳንባ የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል። ግን 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል። ያንተ ቆዳ ደግሞ ሳስቷል። በደነዘዘ ጣት ሙቀቱ ቶሎ አይሰማህም። ሳስበው ሆዴ ይባባል።

መፍትሔው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ያለው ሚክሰር ነው። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ቀላቅሎ 40 ዲግሪ አካባቢ ያወጣል። ደህናው ዓይነት ቀዝቃዛው ድንገት ቢቋረጥ ሙቁንም ራሱ ይዘጋዋል። ለዚህ ዕቃ ገንዘብ አንቆጥብ፣ እባክህ።

በሙቁም በቀዝቃዛውም መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ፣ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ እናስገባለን። የውሃ ጎማውን ባልዲ ውስጥ ነክረህ የመተው ልማድ አለህ አይደል? ግፊቱ ድንገት ቢወርድ ያ ቆሻሻ ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ ወጥ ቤት ሊደርስ ይችላል። ደግሞ ቧንቧውን ሳትዘጋ የጎማውን ጫፍ ብቻ ከዘጋህ ሙቁ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ሊሻገር ይችላል። ቼክ ቫልቩ ሁለቱንም ያግዳል።

ቧንቧው ለሙቅ ውሃ የተሠራው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ይሁን። ያ የተረፈህ የፒቪሲ ቧንቧ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ተወው። መስመሩን ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ እናውጣው፤ እዚያ ቅርብ ነው። በግማሽ ኢንች ቧንቧ 10 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 1 ሊትር ተኩል የቀዘቀዘ ውሃ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሙቁ እስኪመጣ ያን ሁሉ እያፈሰስክ እንድትቆም አልፈልግም።

ቅዳሜ መሰርሰሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ የግድግዳውን ውፍረት ብቻ ለካልኝ። መሰላል ላይ ግን እንዳትወጣ። እጅህን ለመታጠብም ውሃ በጆግ ሞቅ አድርገህ ይዘህ ውጣ።

የሚወድህ ልጅህ