ግንብ አትምታ፦ ደብዳቤ ለልጄ

የምወድህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ?

ይህ ደብዳቤ ለአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደትህ ነበር የታሰበው። አክስትህ ትናንት ማታ ደውላ የጓሮውን ግንብ በቡጢ ስትመታ እንደምታመሽ፣ ቀኝ እጅህም እንዳበጠ ስትነግረኝ ግን እስከ ልደትህ መቆየት አልቻልኩም። «ምን ሆነህ ነው?» ብትልህ «ዴኩም የጠነከረው እንዲህ ነው» ብለህ መለስክላት አሉ፤ ያ ማይ ሂሮ አካዴሚያ በሚባለው የጃፓን ካርቱን (አኒሜ) ውስጥ ያለው ልጅ። ልጄ፣ ግንብ አትምታ። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ አስቀድመን እጅህን እንይ።

ይህን እንዳነበብክ በረዶ በፎጣ ጠቅልለህ ያበጠው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዝ። በረዶው ቆዳህን በቀጥታ እንዳይነካ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገመው። ስትተኛ እጅህን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው። ጣትህ ላይ ቀለበት ካለ አሁኑኑ አውልቀው፤ እብጠቱ ከጨመረ እምቢ ይልሃል። ከዚያ እጅህን ቀስ ብለህ ጨብጥና ከላይ ተመልከተው። የትንሿ ጣትህ አንጓ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከሰረጎደ፣ ወይም አንዷ ጣት በጎረቤቷ ላይ ከተደረበች፣ ወይም ከደነዘዘህ፣ አጥንት ሳይሰበር አይቀርም። ግንብ የሚመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከትንሿ ጣት በታች ያለው የመዳፍ አጥንት ነው። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ኤክስሬይ ተነሣ። ወጌሻ ጋ እንዳትሄድ! አክስትህ የምታውቃቸው ጎበዝ ሰው አሉ ትልህ ይሆናል፤ የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ግን ይባሱን ይንሸራተታል፤ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደግሞ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ማንም ይሰርህ ማን፣ ጥፍርህን ተጫነው፤ ነጭ ሆኖ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ መልኩ ካልተመለሰ ማሰሪያው ይላላ።

አሁን ወደ ዴኩ። ማይ ሂሮ አካዴሚያን አትይ አልልህም፤ ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ አብረን ያየነው ነው። ግን እስቲ ያየኸውን አስታውስ፤ ዴኩ ግንብ በመምታት አልጠነከረም። ያለ ክዊርክ፣ ማለትም ሰዎች ይዘውት ከሚወለዱት ልዩ ኃይል ውጭ፣ የተወለደ ከሲታ ልጅ ነበር። ታላቁ ጀግና ኦል ማይት የራሱን ኃይል ወዲያው ያልሰጠው ያ ሰውነት ስለማይችለው ነው። አሥር ወር ሙሉ ባሕር ዳርቻ ላይ የተጣለ ፍሪጅና ጎማ ሲያነሣ ከረመ። የተጻፈለት ፕሮግራም የሚበላውንና የሚተኛበትን ሰዓት ጭምር የያዘ ነበር። ልጁ ከፕሮግራሙ አልፎ እየሠራ ዝሎ ሲወድቅ ኦል ማይት አላጨበጨበለትም፤ ልክ ማለፍ ልፋቱን እንደሚያበላሽበት ነው የነገረው። አንተ የወሰድከው ጩኸቱን ነው፤ እንቅልፉንና ምግቡን ትተኸዋል። አክስትህ እራት ሳትበላ እንደምትተኛም ነግራኛለች።

የዚህ አኒሜ ትልቁ ጥንካሬ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲዝኖች፣ ኃይል የሚያስከፍል መሆኑ ነው። በትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ቀን መምህሩ አይዛዋ ኳስ ሲያስወረውረው፣ ኃይሉ ተሰርዞበት 46 ሜትር፣ ቀጥሎ ኃይሉን በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ ብቻ አውጥቶ 705.3 ሜትር። ያቺ ጣት አብጣ ጠቁራ እናያታለን። ከክፍል ጓደኛው ከቶዶሮኪ ጋር በስፖርት ፌስቲቫሉ ሲገጥም ጣቶቹን አንድ በአንድ ሰበራቸው፤ ያለቁበት ሲመስለው የተሰበሩትን መልሶ ተጠቀመባቸው። አንተ እዚህ ላይ ተነሥተህ ትጨፍራለህ። ቀጥሎ የመጣውን ግን ስማ፦ የትምህርት ቤቱ ሐኪም ሪከቨሪ ገርል የአጥንት ስብርባሪ በቀዶ ጥገና ካወጣችለት በኋላ ቀኝ እጁ ጠማማ ሆኖ ቀረ፤ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጉዳት አላክምም አለችው። በሦስተኛው ሲዝን መስኩላር ከሚባለው ወንጀለኛ ጋር ከተዋጋ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገምክ ክንዶችህ ላይሠሩ ይችላሉ ብሎታል።

ይሄኔ ልጁ ምን አደረገ? አሰበ። ሽማግሌው ጀግና ግራን ቶሪኖ ዘንድ ቀድሞ የተማረው ነገር ነበረው፦ ኃይሉን አንድ ቦታ ላይ ከማፈንዳት ይልቅ 5 በመቶውን ብቻ በመላ ሰውነቱ ማሰራጨት። ከሐኪሙ ቃል በኋላ ደግሞ ቡጢውን ቀንሶ ወደ እግሩ ዞረ፤ መሣሪያ የምትሠራው ተማሪ ሃትሱሜ ጫማውን የሚያጠናክር ብረት ሠራችለት። 5 ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 20 በመቶ ያደገው እንዲህ እንጂ በአንድ ሌሊት አይደለም። ዴኩን መምሰል ከፈለግህ ይህን ምሰል። ግንብ አትምታ።

ድክመቱንም ልንገርህ፤ አንተን የጎዳህ እሱ ነውና። ታሪኩ ራሱ ያስጠነቀቀውን መልሶ ይረሳዋል። በመግቢያ ፈተናው ላይ ሁለት እግሩንና አንድ ክንዱን የሰበረ ልጅ በሪከቨሪ ገርል አንድ መሳም ይነሣል። ሕክምናዋ የታማሚውን የራሱን አቅም እንደሚጨርስ ይነገራል እንጂ ሲጨርስ ብዙም አናይም። አራተኛው ሲዝን ላይ ትንሿ ልጅ ኤሪ በኃይሏ ሰውነቱን ወደ ቀድሞው ሁኔታ እየመለሰችለት 100 በመቶውን ሲጠቀም ሥዕሉም ሙዚቃውም ወደር የለውም፤ ግን ስብራቱ ያለ ዋጋ ታለፈ። እንዲህ እየታየ ዓይን አጥንትን ርካሽ አድርጎ ይለምዳል። ያንተ አጥንት ለመግጠም ሳምንታት ይፈልጋል። በጠማማው ከገጠመ ደግሞ እስክሪብቶ መያዝ ራሱ ያስቸግርሃል፤ ፈተናህም ደርሷል።

የዴኩን እናት ግን አትርሳት። ኢንኮን። አንተ እሷ ስትመጣ ወደፊት ታሳልፋለህ፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው እሷን ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ ክዊርክ እንደሌለው ሐኪም ነግሮታል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የኦል ማይትን ቪዲዮ ከፍቶ «እኔም ጀግና መሆን እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ አቅፋው «ይቅርታ» ብላ ታለቅሳለች። እሱ የፈለገው ትችላለህ እንድትለው ነበር። ያ ይቅርታ ዓመታት ተከትሏታል። ኦል ማይት ኃይሉን ካጣበት ከካሚኖው ውጊያ በኋላ፣ ልጁ በትምህርት ቤቱ ማደሪያ እንዲኖር ፈቃድ ሊጠይቅ ቤቷ ሲመጣ ለስላሳዋ ሴት እምቢ አለች። ልጄን ወደዚያ ትምህርት ቤት አልመልስም፤ የአንተ ዓይነት መጨረሻ እንዲገጥመው አልፈልግም፤ ከሩቅ ጀግኖችን እያየ ደስ ብሎት ቢኖር ይሻለኛል አለች። በዓለም የታወቀው ሰው ከስቶ ገርጥቶ ፊቷ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ ልጁን ለማሳደግ ሕይወቴን እሰጣለሁ አላት። እሷ ምን አለች? ሕይወትህን አትስጥ። ኑርና ልጄን ጠብቅ፣ በደንብ አሳድግ፣ ይህን ቃል ከገባህልኝ እሺ አለችው።

ልጄ፣ በዚህ አኒሜ ውስጥ ካሉት ውጊያዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። አንድ ሰው እንኳ አይመታም። ብዙ ነገር ልመክርህ አስቤ ነበር፣ ኢንኮን ሳስታውስ ጠፋብኝ። ልደትህ ላይ አጠገብህ አለመሆኔ ይቆጨኛል።

ወደ ቁም ነገሩ። የዴኩን የልጅነት ባላንጣ ባኩጎን ትወደዋለህ፤ አመጣጡ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን በመጀመሪያው ክፍል ክዊርክ የለህም ብሎ ዴኩን ከጣሪያ ዝለል ያለው እሱ ነው። ይቅርታ የጠየቀው በስድስተኛው ሲዝን ነው። ያን ያህል ማቆየቱን እንደ ድክመት እቆጥረዋለሁ። አንተ የበደልከው ጓደኛ ካለ በዚያው ቀን ጠይቅ። የክፍላቸውን ልጅ የሚኔታን ነገር ደግሞ ጨርሶ አልወደውም፤ ሴት ልጅን ማስቸገር እንደ ቀልድ ተደጋግሞ ሲቀርብ ማየት ያሳፍራል፣ እህትህ ፊት እንዳትስቅበት። የክፍላቸው ልጅ ኡራራካ ከባኩጎ ጋር ስትገጥም የፍንዳታውን ፍርስራሽ በሰማይ አጠራቅማ እንደ ዝናብ ያወረደችበትን አስታውስ፤ እንዲህ ያለ አእምሮ ያላት ልጅ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወደ ጎን መገፋቷ ቅር ያሰኛል። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ተማሪ አለ፤ ደራሲው ሆሪኮሺ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2024 በየሳምንቱ እየሳለ ለሁሉም ማዳረስ አልቻለም።

ለእህትህ ልታሳያት ካሰብክ እንዲህ አድርግ። የሦስተኛው፣ የአራተኛውና የአምስተኛው ሲዝን ክፍል 1 ማስታወሻና መሙያ ስለሆኑ ዝለላቸው፣ ዳታህም ይተርፋል። አምስተኛው ሲዝን ከሁሉ ደካማው ነው፤ ወደ አሥር የሚጠጋ ክፍል በሁለት የተማሪ ቡድኖች የእርስ በርስ ልምምድ ያልቃል፣ የክፉዎቹ ታሪክ ደግሞ ከማንጋው (ከሥዕል መጽሐፉ) ቅደም ተከተል ወጥቶ መጨረሻ ላይ ተጨምቋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 24 ያሉትን ከ14 በፊት እዩአቸው፣ ከዚያ ከ14 እስከ 19፣ በመጨረሻ 25። የክፉዎቹን መሪ የሺጋራኪን ልጅነት ስታዩ እሷ ትንሽ ናትና ብቻዋን አትተዋት፤ ያ ልጅ መንገድ ላይ ሲንከራተት አንድም ሰው እጁን ሳይዘው ማለፉ እኔንም ያስጨንቀኛል። ስድስተኛው ሲዝን ለሷ ገና ነው፤ ለአንተ ግን ከሁሉ ጠንካራው እሱ ይመስለኛል፣ የጀግናው የኢንዴቨር፣ የቶዶሮኪ አባት፣ ቤት ጉድ አደባባይ ሲወጣ ማንም አላመለጠምና።

ቡጢ መማር ከፈለግህ እከለክልሃለሁ ብለህ አትፍራ። እጅህ ከዳነ በኋላ አሠልጣኝ ፈልግ፣ ጓንትና የእጅ መጠቅለያ ጨርቅ እገዛልሃለሁ፣ በአሸዋም በብሎኬትም ሳይሆን በተሠራለት ከረጢት ላይ ትማራለህ። እስከዚያ ፑሽ አፕም የለም፣ መዳፍህን ይጫነዋል። ስኳት ሥራ፣ ሩጥ፣ እራትህን ብላ፣ በጊዜ ተኛ። ግንብ አትምታ!

ለአክስትህ በቴሌብር ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ኤክስሬዩንም ኬኩንም ይችላል። ነገ ጠዋት ወረፋ ሳይበዛ ሂዱ። የኤክስሬዩን ፊልም መስኮት ላይ አስደግፈህ በስልክ ፎቶ አንሣው፣ የሐኪሙን ጽሑፍም ለብቻው አንሥተህ ሁለቱንም ላክልኝ። ከምሳ በፊት ካልደረሰኝ ለአክስትህ እደውላለሁ።

እናትህ