«ይረዝማል» ብቻውን ፍርድ አይሆንም

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ሮክ ድምፃዊው ኒል ያንግ «ግሪንዴል» አልበም ያሰባሰባችሁትን የአድማጮች አስተያየት አነበብኩት። ከ20 ዓመት በላይ ያለፈው የሮክ አልበም በአማርኛ ጋዜጣ ላይ መነጋገሪያ ሲሆን ማየት አስደስቶኛል፤ ለዚህም አመሰግናችኋለሁ። አስተያየቶቹ ግን አሳዝነውኛል። አብዛኞቹ «ይረዝማል»፣ «ዜማው ያው በያው ነው»፣ «ሰውዬው ያወራል እንጂ አይዘፍንም» የሚሉ ናቸው። አንደኛው ስልኩ ላይ እየዘለለ ሦስት ዘፈን ሰምቶ እንደተወው ራሱ ይናገራል። ታሪክ የሚተርክን አልበም እየዘለሉ ሰምቶ መፍረድ አግባብ አይመስለኝም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ሲወጣ ያንግ 57 ዓመቱ ነበር። 10 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም በቅደም ተከተል የአንድ ቤተሰብን ታሪክ ይተርካሉ፤ 78 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ግሪንዴል ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳለች ተደርጋ በምናብ የተፈጠረች ትንሽ ከተማ ናት። አያት፣ ሠዓሊው ልጅ ኤርል፣ ሚስቱ ኤዲትና ሴት ልጃቸው ሰን ግሪን ይኖሩባታል። ዘመዳቸው ጄድ መኪናው ውስጥ ኮኬይንና ካናቢስ ጭኖ ሲሄድ ካርማይክል የሚባል ፖሊስ ያስቆመዋል፤ ጄድ ይደነግጥና ፖሊሱን ተኩሶ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ሰላም አበቃ። ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ይዘው የአያትየውን ቤት ከበቡ። አያት ቴሌቪዥን ላይ መቅረብ ክብርም ግዴታም አይደለም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ሊያባርሯቸው ወጥተው እዚያው ወድቀው ሞቱ። ሰን ግሪን ደግሞ ፓወርኮ የሚባል የኃይል ኩባንያ አዳራሽ ገብታ ራሷን ከንስር ሐውልት ጋር በሰንሰለት አስራ በድምፅ ማጉያ ትጮኻለች።

እንግዲህ ይህን ከስድስተኛው ትራክ የጀመረ ሰው ምን ሊገባው ይችላል? አያትየው የሞቱበትን ዘፈን ብቻ የሰማ ሰው 13 ደቂቃ ያህል ቢረዝምበት አይፈረድበትም። በመጀመሪያው ዘፈን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸው ሰው ግን ያለቅሳል። እዚያ ላይ አያት ጋዜጣ ይዘዋል፤ የሚያነቡ ይመስላሉ፤ መነጽራቸውን ስላላደረጉ ግን አንድ ፊደል አይታያቸውም። የልጅ ልጃቸው መነጽራቸውን ታመጣላቸዋለች። እንዲህ ያሉ ሽማግሌ በየሰፈራችን አሉ። እዚያው ዘፈን ውስጥ አያት ስለ ዘፋኙ ስለራሱ ይጠይቃሉ፦ ይህ ሰው ለብዙ ዘመን ሲዘፍን ኖሯል፤ የሚያውቀው ሆኖ እስካሁን ያልተናገረው ነገር አለ ወይ? አንጋፋ ድምፃዊ በገዛ ሥራው ይህን ጥያቄ በራሱ ላይ ሲያነሳ በጣም እገረማለሁ። ትራክ እየዘለለ ለሚያዳምጥ ግን ይህ ሁሉ ያልፈዋል።

እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ክረምት ላይ እየተሰበሰብን ሙዚቃ እንሰማለን። ጅማ ዝናቡ ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ ረጅም ነገር ለማዳመጥ ይመቻል። «ግሪንዴል»ን ስንሰማ እያንዳንዱ ዘፈን ሲያልቅ አቆምና የሚቀጥለውን ታሪክ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ከመካከላችን እንግሊዝኛ ጨርሶ የማይሰሙ የቡና ነጋዴ አሉ። ሙዚቃው ባይጥማቸውም «እና ሽማግሌው ምን ሆኑ?» እያሉ ነበር የሚያቻኩሉኝ። ሁለት ወጣቶች ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ተነስተው ወጡ፤ እነሱም ልክ እንደ እናንተ አስተያየት ሰጪዎች ዜማው አይቀያየርም ብለው ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ጡረታ የወጡ የፖሊስ ባልደረባ የተናገሩትን ነው። «ካርማይክል» የሚለው ዘፈን ስለተገደለው ፖሊስ ነው፤ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ያስታውሱታል፣ ሚስቱ ብቻዋን ቀርታ ታናግረዋለች። መጨረሻ ላይ ሥራው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፣ በቦታውም ሌላ ሰው ይተካል፤ ሟቹ መኪናውን ያቆምባት በነበረችው ቦታ ላይ ግን ለአንድ ዓመት ማንም አያቆምም። ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እንደሱ ነው፤ ልክ እንደሱ ነው የሚደረገው» አሉ። ዘፈኑንም ድገመው አሉኝ። ገዳዩን ልጅ ከነድንጋጤው ያሳየን ደራሲ፣ ወዲያው የሟችን ባዶ ቦታም እንድናይ ያደርገናል። በጋዜጣችሁ ላይ «ዘፈኑ ወንጀለኛን ያጀግናል» ያሉት ሰው ይህን ክፍል የሰሙት አይመስለኝም።

«ባንዲት» ስለሚለው ዘፈን ደግሞ የጊታሩ ድምፅ ተበላሽቷል የሚል አስተያየት አይቻለሁ። ወፍራሙ ክር እጅግ ላልቶ ስለተቃኘ ነው የሚነዝረው፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የበገና ልጆች ሆነን ንዝረትን ብልሽት ስንለው ያሳዝነኛል። በገና ደርዳሪ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል እንዝራ፣ ያቺን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ የሚያስገባው ያ የሚነዝር ድምፅ እንዲመጣለት አይደለም እንዴ? ያንግ በዚህ ዘፈን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጆሮ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። የኤርል ሥዕሎች ገዢ አጥተዋል፤ ሰውየው ተስፋ ቆርጧል። ጥርት ብሎ የሚያንቆረቁር ጊታር ለዚህ አይሆንም ነበር።

ዜማው ያው በያው ነው የሚለው ቅሬታ እውነትነት እንዳለው አልክድም። አብሮት የሚጫወተው ክሬዚ ሆርስ ባንድ በዚህ አልበም ላይ ሙሉ አይደለም፤ ሁለተኛው ጊታሪስት ፍራንክ ሳምፔድሮ የለም፤ ጊታሩን የሚጫወተው ያንግ ብቻ ነው፤ ከኋላው ቤዝና ድራም ናቸው። ስለዚህ ሙዚቃው ሳሳ ይላል። ለእኔ ይህ ለትረካው ቦታ የለቀቀ ይመስለኛል። አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ ዜማ ላይ ስንት ግጥም ይደረድር የለ? ቃሉን ለመስማት የተቀመጠ ሰው ዜማው ለምን አልተለወጠም አይልም። የመጨረሻው ዘፈን «ቢ ዘ ሬይን» ግን ደካማ ነው ብዬ አምናለሁ። ምድርን እናድን የሚለው ጥሪ በድምፅ ማጉያ ሲደጋገም ሰዎቹ ይጠፋሉ፤ መፈክሩ ብቻ ይቀራል። ስለ ደን መመናመን ከጅማ ሰው በላይ የሚቆረቆር የለም፤ ቡናችን ጥላ የሚያገኘው ከዛፍ ነው። ቢሆንም ያንን ቁጭት ከመፈክሩ ይልቅ ከአያትየው አንደበት ብሰማው እመርጥ ነበር።

ከአስተያየት ሰጪዎቹ አንዱ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዎል» አልበም (እ.ኤ.አ. 1979) ጠቅሰው «ታሪክ ያለው አልበም ማለት እሱ ነው» ብለዋል። እሱንም እወደዋለሁ። ነገር ግን «ዘ ዎል» የአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ ነገር ነው፤ «ግሪንዴል» የአንድ ከተማ ታሪክ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አንዱን ይጎዳል።

የአድማጭ ማጉረምረም ዛሬ የመጣ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003፣ በፈረንጆቹ የበጋ ወራት፣ ያንግ አሜሪካ ውስጥ አልበሙን ገና ሳይወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተዋንያን ታጅቦ መድረክ ላይ ሲያቀርበው፣ የድሮ ዘፈኖቹን ሊሰማ የመጣው ሕዝብ ብዙው ግራ ተጋብቶ ነበር። የድሮዎቹን የሚጫወተው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በፈረንጆቹ የጸደይ ወራት አውሮፓ ውስጥ ብቻውን ጊታር ይዞ ሲዞር ግን በየዘፈኑ መካከል ታሪኩን እያወራ ነው ያቀረበው። ሥራው ማስረዳት እንደሚፈልግ ራሱም አውቆታል ማለት ነው።

እኛ እኮ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ለመስማት ሬዲዮ ከብበን የተቀመጥን ሕዝብ ነን። ትረካ ሰዓት ከደረሰ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ያመለጠው ሰው ደግሞ ከጎረቤት ጠይቆ ነበር ለሚቀጥለው የሚደርሰው። ረጅም ታሪክ በጆሮ የመከታተል ልምዱ አለን። «ይረዝማል» የሚለው ቃል ከዚህ ሕዝብ መውጣቱን ለመቀበል የተቸገርኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እለምናለሁ። እንዲህ ያለ አልበም ላይ አስተያየት ስትሰበስቡ አድማጩን አልበሙን ሙሉውን በቅደም ተከተል ሰምቶት እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱንም ከአስተያየቱ ጎን አትሙት። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው እትም የአሥሩን ዘፈኖች ታሪክ በየተራ በአጭሩ በአማርኛ ብታወጡልን እንግሊዝኛ የማይሰማውም አድማጭ ይከታተላል። ቦታ ከተገኘ ለቡና ቤቱ ወዳጆቼ ያዘጋጀሁትን ትርጉም አስተካክዬ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከጅማ