ስለ ታዋቂ ተኳሾች መሣሪያ ጨረታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። የአንድ ስመ ጥር አልሞ ተኳሽ የግል መሣሪያዎች እዚህ አሜሪካ ለጨረታ ሊወጡ ነው በተባለ ቁጥር ስልካችን ፋታ ያጣል። "ተጫረቱልን" የምትሉ አላችሁ፤ "ባለፈው ለምን አስቀራችሁኝ?" ብላችሁ የተቀየማችሁም አላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ስናስረዳ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማ እየቀረ ቅሬታ ስለበዛ፣ ነገሩን በጽሑፍ ብናደርገው ይሻላል ብለናል። ወደ መጨረሻው ከምንጠቅሰው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠቅሱልን የዝነኛዋን አሜሪካዊት ተኳሽ የአኒ ኦክሊን ጠመንጃ ዋጋ ስለሆነ ከእሷ እንነሣ። አኒ በ1860 ኦሃዮ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ሲሞት ገና ልጅ ነበረች፤ እያደነች በመሸጥ ቤተሰቡን ረዳች፣ የእናቷንም የቤት ዕዳ ከፈለች። በውድድር ያሸነፈችውን ተኳሽ ፍራንክ በትለርን አገባች። በ1885 የቡፋሎ ቢል ተዘዋዋሪ የፈረስና የተኩስ ትርኢት ውስጥ ገባች፤ ላኮታ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አለቃ ሲቲንግ ቡል "ትንሿ የማትስት" ብሎ ስም አወጣላት። በ1887 ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ለንደን ላይ ተኩሳለች። በ1926 ስትሞት ባሏ ከ18 ቀን በላይ አልቆየም፤ ተከተላት።

ከዘመዶቿ እጅ የወጡ ወደ 100 የሚሆኑ ዕቃዎች በጁን 2012 ዳላስ ላይ ሄሪቴጅ በተባለው አጫራች ድርጅት ተሸጡ። ጠቅላላው ወደ 520 ሺህ ዶላር ተጠጋ። ባለ 16 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት ልክ ነው)፣ ፓርከር የተባለው ፋብሪካ የሠራው የአደን ጠመንጃዋ ብቻውን 143,400 ዶላር አወጣ፤ ባርኔጣዋ እንኳ 17,925 ዶላር ተሸጧል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉና ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ የአብዛኛው ጭቅጭቃችን ምንጭ እሱ ነው። 143,400 የሚለው ቁጥር አዳራሹ ውስጥ የተጠራው ዋጋ አይደለም። አጫራቹ "ተሸጠ" ብሎ መዶሻውን ያወረደው 120,000 ላይ ነው። የቀረው 23,400 ዶላር ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው የ19.5 በመቶ ኮሚሽን ነው። የባርኔጣዋም እንደዚሁ ነው፤ 15,000 ተጠርቶ ነው 17,925 የሆነው። ጋዜጣ ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ የተደመረውን ነው፤ ስትጫረቱ የምትጠሩት ግን ያልተደመረውን። ማጓጓዣና እንደየግዛቱ የሽያጭ ግብር ገና ከዚህ በላይ ይመጣሉ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ እኛም ተሳስተን እናውቃለን። አንድ ደንበኛችን ለአንድ የድሮ ሜዳሊያ "ከአምስት ሺህ ዶላር እንዳታልፉ" አሉን። በአምስት ሺህ አሸነፍንና ደስ ብሎን ደወልንላቸው። ደረሰኙ ሲመጣ ስድስት ሺህ ይላል። ሰውየው ጥፋት አልነበረባቸውም፤ አንድ ሺዋን ከኪሳችን ከፈልን። ስለዚህ ከእንግዲህ የምትነግሩንን ጣሪያ ኮሚሽኑን ጨምሮ እንደሆነ አድርገን ነው የምንይዘው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተመሳሳይ ፓርከር፣ በዚያው ዘመን የተሠራ፣ የታዋቂ ሰው ስም የሌለበት ከሆነ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል። ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ያመጣው ምንድን ነው? ጠመንጃው ከእሷ ወደ ዘመዶቿ፣ ከዘመዶቿ ወደ ጨረታው የመጣበት መንገድ ያልተቋረጠ መሆኑ ነው። አገር ቤት "ይህ የአያቴ ውጅግራ ነው" ሲባል ምስክሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው "አዎ፣ አውቀዋለሁ" ካሉ አለቀ። ዳላስ ላይ ሽማግሌ አይጠራም። የሚጠራው ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የፋብሪካ መዝገብና የውርስ ወረቀት ነው።

በአኒ ስም ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። በሥራ ዘመኗ የተኮሰችባቸው ጠመንጃዎች ብዙ ናቸው። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ቻርልስ ላንካስተር በልኳ ሠርቶላታል፤ ፋብሪካዎች ሰጥተዋታል፤ እሷም ለወዳጆቿ ሰጥታለች። ስለዚህ "አያቴ ከእጇ ነው የተቀበለው" የሚል ሻጭ መቼም አይጠፋም። አንዳንዱም እውነቱን ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛችን እንዲህ ያለ ጠመንጃ ተገኘ ብለው ይዘውን ሄዱ። ሰደፉ ላይ የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት በቢላ ተቀርጸዋል፤ ሻጩ የፈረመበት አንድ ገጽ ደብዳቤም አለ። ደብዳቤው በጣም ያምር ነበር። እኛ ግን አጉሊ መነጽር አውጥተን ከቃታው አካባቢ ያለውን መለያ ቁጥር አነበብን፤ ቁጥሩን ከፋብሪካው የምርት ዘመን ሰንጠረዥ ጋር ስናመሳክር ጠመንጃው የተሠራው እሷ ከተቀበረች በኋላ ሆኖ ተገኘ። ደንበኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና "በሉ ቡና እንጠጣ" አሉ። ያ ቡና ስንት ሺህ ዶላር እንዳዳነ እሳቸው ያውቃሉ።

የወረቀቱን ነገር ጥሩ አድርጎ የሚያሳየው የኤልመር ኪዝ ስብስብ ነው። ኪዝ የአይዳሆ ከብት አርቢ፣ አዳኝና የመሣሪያ ጸሐፊ ነበር፤ በ1955 የወጣው ባለ 44 ማግነም (ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ) ሽጉጥ እንዲሠራ አጥብቆ ከወተወቱት ሰዎች ዋነኛው ነው። በ1984 ሞተ፤ መሣሪያዎቹ በ2015 ሜይን ግዛት ውስጥ ለጨረታ ቀረቡ። ከመካከላቸው "ቁጥር 5" ብሎ የሚጠራው ሽጉጡ ነበረበት። ያ ሽጉጥ እንዴት እንደተሠራ፣ ምኑ እንደተለወጠ፣ መያዣው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ኪዝ ራሱ በ1929 መጽሔት ላይ ጽፎታል። ባለቤቱ ከመሞቱ 55 ዓመት በፊት የታተመ ምስክር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ እኛም "ግቡበት" እንላለን።

ሕጉን በአጭሩ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ ግዛታችሁ የራሱ ሕግ ካለው ግን እሱንም ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የተሠራውን አጫራቹ በፖስታ ወደ መኖሪያችሁ አይልክም። በምትኖሩበት ግዛት ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይላካል፤ እናንተ ሄዳችሁ ፎርም ትሞላላችሁ፣ የኋላ ታሪካችሁ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ፎርሙ እውነተኛው ገዢ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። "በእናንተ ስም ግዙልኝና ኋላ ትሰጡኛላችሁ" የምትሉን አላችሁ፤ ይህ ወንጀል ነው። እንመክራችኋለን እንጂ ስማችንን አናውስም።

"ጎጃም ላሉት አባቴ ልላክላቸው" ላላችሁንም መልሳችን ያው ነው፦ አንልክም። ከዚህ ለማውጣት የመንግሥት የውጭ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አገር ቤት ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሳይፈቀድ ማስገባትን ይከለክላል። ለአባትየው የጠመንጃውን ፎቶ በትልቁ አሳትመን ብንልክ ደስ ይለናል፤ አንድ ጊዜ አድርገነዋል፣ ሳሎን ተሰቅሏል ተብለናል።

እንግዲህ ከእንግዲህ አሠራራችን ይህ ነው። በታዋቂ ሰው ስም የቀረበ ነገር ላይ ምክር ስትፈልጉ የመለያ ቁጥሩን ጥርት ያለ ፎቶና ሻጩ አለኝ የሚለውን ወረቀት ሁሉ ከጨረታው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ላኩልን። ለአንዳንድ ፋብሪካዎች የድሮ መዝገቡ ስለተጠበቀ በክፍያ የማረጋገጫ ደብዳቤ ማስወጣት ይቻላል፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱን አይተን ካላመንንበት እናንተ ብትገፉበት እንኳ እኛ ወደኋላ እንላለን፤ ላላመንንበት ሥራም የአገልግሎት ክፍያ አንቀበልም። በጨረታው ዋዜማ ማታ የሚደወልልንን ስልክ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ አናነሳም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሁለቱ ሠራተኞች
ቨርጂኒያ