ደቻቱን በፈረንሳይኛ

ሉቫን ላ ኔቭ፣ ቤልጂየም
መስከረም 4

ይድረስ ለምወዳችሁ ለአባዬና ለእማዬ፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ «ትምህርቱስ?» ስትሉኝ «ሰላም ነው» እያልኩ የዘለልኩት ነገር ስላለ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት። መጨረሻው መልካም ነውና እማዬ አትደንግጪ።

መጀመሪያ ስታስጨንቂኝ የከረምሽበትን ልመልስልሽ። «የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሃይማኖትሽን ያስቀይሩሻል» ብለሽ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሽ! እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ዩኒቨርሲቲው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1425 በሮማው ፖፕ በማርቲን አምስተኛ ፈቃድ የተቋቋመ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ካቶሊክ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ስለ ሃይማኖት የሚያጠና ኮርስ ይወስዳሉ፤ እኔ ማስተርስ ስለሆንኩ እሱም አልደረሰኝም። አብረውኝ ከሚኖሩት መሃል ሙስሊም አለች፣ በምንም የማያምንም አለ። ፍልሰታን ስጾም ሁለቱም ምስሬን ከእኔ እኩል ሲበሉ ነው የከረሙት። ዓለም እየሰፋ ይሄዳል ብሎ በፈረንጅ በ1927 የጻፈው ትልቁ ሳይንቲስት ዦርዥ ለሜትርም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ቄስ ነበር፣ እማዬ። ቀድሶም ስለ ሰማይ ይመራመር ነበር ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ አረፈ፤ ያንቺም ይረፍ።

አባዬ፣ ይህ ደግሞ ላንተ ነው። የከተማው ስም «አዲሱ ሉቫን» ማለት ነው። ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት አቅቶት በፈረንጅ በ1902 ሜዳው ላይ ሲቀር፣ ድሬን «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር እያልክ ነው ያሳደግከኝ። እነዚህን ያስቀራቸው ዳገት ሳይሆን ቋንቋ ነው። በአሮጌው ሉቫን ደች ተናጋሪውና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው አብሮ መማር አቅቶት በፈረንጅ በ1968 መለያየታቸው ተወሰነ፤ ፈረንሳይኛው ወገን መጥቶ እርሻ ላይ ይህን ከተማ ቆረቆረ። የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ሳይቀር ጎዶሎ ቁጥር ለአንዱ፣ ጥንዱ ለሌላው ብለው ተካፈሉት። አዘንኩ። እኔ የማውቀው አንተ ለገሃር ቆመህ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ትንፋሽ ስትቀላቅል ነው።

የተማሪ ቤት «ኮት» ይባላል። መጀመሪያ ስሰማው የዶሮ ቆጥ ነው ትዝ ያለኝ። ለስምንት አንድ ኩሽና አለን። ዓርብ ከሰዓት የባለ ጎማ ሻንጣ ድምፅ ንጣፉ ላይ ይንኳኳል፤ የአገሬው ልጅ ሁሉ የሳምንቱን ቆሻሻ ልብስ ጎትቶ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። እሑድ ማታ ልብሱ ታጥቦ፣ ምግቡ በዕቃ ተቋጥሮ ይመለሳል። ቅዳሜ ለእኔ ከባድ ቀን ናት። መስኮቱን ወለል አድርጌ የላክሽልኝን ቡና እቆላለሁ፤ ካልከፈትኩ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። አንድ ቅዳሜ ታች የምትኖር የኮንጎ ልጅ ሽታውን ተከትላ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውን ስኒ ሳትጠጣ አትሄድም።

ጭፈራቸውን አላወራላችሁም። ካሎት የምትባል ዙሪያዋ ፀጉራም የካቶሊክ ተማሪዎች ቆብ አለቻቸው፤ እሷን ደፍተው ሲዘፍኑ ያድራሉ። ግን ፈተና ሲቃረብ «ብሎኩስ» ይላሉ፤ ያኔ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ያጠናል፣ ጭጭ ነው።

አሁን ወደ ዘለልኩት ልምጣ። ጥር ላይ የሃይድሮሎጂ፣ ማለትም የውሃ ጥናት፣ ፈተና ወደቅኩ። ማለፊያው ከ20 10 ነው፤ እኔ 8 አመጣሁ። ፈተናው በቃል ነው፤ ጥያቄ በዕጣ ታወጣላችሁ፣ ትንሽ ታሰላስላላችሁ፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ትቀመጣላችሁ። እኔ ማስታወሻውን ከነነጠላ ሰረዙ ሸምድጄ ነበር። አነበነብኩት። «ይህ የእኔ ቃል ነው፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲለኝ ምላሴ ታሰረ። ለአውሮፕላን ትኬቴ ያዋጣችሁትን እያሰብኩ ልነግራችሁ አቃተኝ። ይቅር በሉኝ።

የድጋሚው ፈተና ነሐሴ ላይ ነበር። ክረምቱን ማስታወሻውን ዘግቼ ሐይቁ ዳር ስቀመጥ ከረምኩ። ሐይቁ የተፈጥሮ ይመስላል እንጂ ሰው ያበጀው የዝናብ ማቆሪያ ነው፤ ከጣራና ከመንገድ የሚወርደው ውሃ በራሱ ቦይ እዚያ ይገባና ታች ያለውን ሰው እንዳያጥለቀልቅ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ዳክዬ ይዋኝበታል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የድሬው ወንዛችን ደቻቱ ነው የሚታየኝ። ማቆሪያ ቢኖረንስ ኖሮ እላለሁ።

የደረሰኝ ዕጣ «ደረቅ ወንዝ እንዴት በድንገት ይሞላል?» የሚል ነበር። አባዬ፣ ማስታወሻውን ተውኩትና ደቻቱን ነገርኩት። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ዕቃ ያነጥፍበታል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ ነው፤ ዳገቱ ቁልቁል፣ ዛፉ የተመነጠረ፣ መሬቱ ውሃ የማይዝ። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው በአንድ ጊዜ ይደርሳል። የውሃውን አሞላል የሚያሳየውን መስመር ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሣልኩት። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን የጎርፍ ሌሊት፣ ከ200 በላይ ሰው መሞቱን፣ አንተ በትከሻህ ተሸክመህ አክስቴ ቤት ጣራ ላይ እንዳወጣኸኝ ሁሉ ተናገርኩ። ፈረንሳይኛዬ ተሰባበረ፤ ግድ አልሰጠኝም። መምህሩ ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ። 13 ሰጠኝ።

ሲጨርስ «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» አለኝ። «እስከ አክስቴ መስኮት» አልኩት። «በሜትር ስንት ነው?» ሲለኝ አላወቅኩም። የመመረቂያ ጽሑፌም ከዚያች ጥያቄ ተነሣ።

ስለዚህ አባዬ፣ አንድ ሥራ አለህ። አክስቴ ቀፊራ ያለው ቤቷ ውስጥ፣ ዕቃ ቤቱ ቀለም ስላልነካው ጭቃው የተወው መስመር ግድግዳው ላይ አለ፤ ልሰናበታት የሄድኩ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከወለሉ እስከ መስመሩ በሜትር ለካልኝ። ከዚያ ግድግዳ እስከ ወንዙ ዳር ያለውንም በእርምጃ ሳይሆን በገመድ ለካ። ሜትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ ፎቶ አንሳው፤ ቁጥሩ እንዲነበብ ቀረብ በል። ከዚያ በፊት ግን አክስቴ ቀለም እንዳታስቀባው አደራ በላት።

ልጃችሁ